ፍሬም የገባው የቤት ሥራ

«ኦልወይስ… ሁልጊዜ ቤት ሲገባ መጀመሪያ የሚያየው እኛን ነው» አለች ሽቦ፣ ዓይኗን ከወረቀቱ ሳትነቅል።

ውሸቷን ነው። ወረቀቱ ላይ በእንግሊዝኛ ያሰፈረችው «ሁልጊዜ ቤት ሲገባ መጀመሪያ የሚያየው ጥፋት ነው» የሚል ነበር። ግን እዚያ ቤት ውስጥ እንግሊዝኛ የምታነብ እሷ ብቻ ናት። እናቷ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ የታጠበ ልብስ ታጥፋለች። ሰውዬው ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ፣ እንደ ዳኛ እጁን አጣጥፎ ያዳምጣል።

«ሰውዬው» የምትለው የእንጀራ አባቷን ነው። እናቷን ካገባ ሁለት ዓመት አለፈው፤ ሽቦ ግን አንድም ቀን አባባ ብላው አታውቅም። ፊት ለፊት ሲገናኙ «እርስዎ» ትለዋለች። አክብራው እንዳይመስላችሁ፣ አጥር መሆኑ ነው። እሱም ቢሆን የዋዛ ሰው አይደለም። ገና በር ሲከፍት «ይሄን መብራት ማን ነው ያበራው? ይቺ ልጅ ቦርሳዋን መሬት ላይ ነው እንዴ የምታሳድረው?» ይላል። ሁለቱ ዓይንና ናጫ ናቸው። ሽቦ የሚለውን ስም ያወጡላት የክፍል ጓደኞቿ ናቸው፤ ቀጭን ናት፣ ደግሞ ላጉብጣት ያለውን ሁሉ ትወጋለች።

የዚያን ቀን ፍልሚያው በቤት ሥራ መልክ መጣ። የእንግሊዝኛው አስተማሪ፣ ተማሪዎቹ በጓሮ «ቲቸር ኦልወይስ» የሚሉት፣ አንድ ነገር ሳይለወጥ መቆየቱን ወይም ከሌላው ጋር አንድ ዓይነት መሆኑን የሚገልጹ ቃላት አስተምሮ ሲያበቃ «ከቤታችሁ አንድ ሰው መርጣችሁ ስለ እሱ ጻፉ» አለ። በዚህ ቢያበቃ ምን ነበረበት! «ከዚያ ለራሱ ለሰውዬው አንብቡለት፣ በአማርኛ ተርጉሙለት፣ ወረቀቱ ላይ አስፈርሙት» ብሎ ጨመረበት። ሽቦ ስለ እናቷ ልትጽፍ ትችል ነበር። ግን ያን ዕለት ጠዋት ሰውዬው በጎረቤት ፊት «ሰነፍ» ብሎ ሰድቧት ነበርና እጇ ወደ እሱ ሄደ።

«ኮንስታንትሊ… ያለማቋረጥ ይሠራል» አለች። ወረቀቱ «ያለማቋረጥ ይነዘንዛል» ይላል።

«ኢንቬሪያብሊ… ቃሉ ምንጊዜም ዝንፍ አይልም።» ወረቀቱ «ምንጊዜም ልክ እሱ ብቻ ነው» ይላል።

«ኢኳሊ… እኔንና እናቴን እኩል ይወደናል።» ወረቀቱ «እኔና እናቴ ላይ እኩል ይጮኻል» ይላል።

የመጨረሻው ቃል ላይ ስትደርስ ትንሽ ቆም አለች። ላይክዋይዝ ማለት «እንዲሁ» ማለት ነው። የጻፈችውን አየችውና ትርጉሙን በአፏ ውስጥ አገላበጠችው።

«አባቴ ያሳድገኝ ነበር። እሱም እንዲሁ እያሳደገኝ ነው።»

ሰውዬው መነጽሩን ከግንባሩ ወደ ዓይኑ አወረደ፣ ከዚያ መልሶ ሰቀለው።

«እስቲ የመጨረሻውን ድገሚው» አለ።

ደገመችለት። እናቷ ያጠፈችውን የትራስ ልብስ ፈታ ዓይኗን ጠረገችበት። ሰውዬው እስክሪብቶ ተቀበለና ፊርማውን ከወትሮው አስረዝሞ ፈረመ። ሽቦ መኝታ ቤት ገብታ በሩን ከዘጋች በኋላ አፏን በእጇ አፍና ሳቀች።

በማግስቱ ቲቸር ኦልወይስ በየወንበሩ እየዞረ ቤት ሥራውን አየ። አየ ማለት፣ ፊርማ መኖር አለመኖሩን አየ ማለት ነው። በአንድ ክፍል ያን ሁሉ ተማሪ አጉሮ ማንን ያንብብ? የሽቦ ወረቀት ላይ በቀይ እስክሪብቶ ትልቅ ራይት አደረገና በእንግሊዝኛ «ቬሪ ጉድ» ብሎ ጽፎ አለፈ። አጠገቧ የምትቀመጠው ሬዲዮ ጠረጴዛው ላይ ተደፍታ በሳቅ ፍርስ አለች። ሬዲዮ የተባለችው አፏ ስለማይዘጋ ነው። «ይነዘንዛል» ለሚለው እንግሊዝኛውን ያገኘችላትም እሷ ናት።

«ሰውዬሽ ፈረመበት? ራሱ? በእጁ?» አለች።

«በእጁ። ደስ ብሎት።»

«አንቺ ልጅ ደፋር ነሽ እኮ! እኔ ብሆን ሳቄ ያመልጠኝ ነበር።»

ማታ ሰውዬው «አስተማሪሽ ምን አለ?» ብሎ ጠየቀ። ጠይቋት አያውቅም። ቀዩን ራይት አሳየችው። ወረቀቱን ተቀብሎ ጠርዙን ይዞ ወደ መብራቱ አስጠጋ፣ «ይሄን ስጪኝ» አለና እንዳይጨማደድ ጋዜጣ መሀል አስገብቶ በማግስቱ ወደ ሥራው ይዞት ሄደ። ለሆነ ሰው ሊያሳየው ይሆናል ብላ ተወችው።

ከዚያ በኋላ ቤቱ ተለወጠ። በሩን ክፍት ትታው ብትገባ ሰውዬው ተነስቶ ራሱ ዘጋው። መብራቱን ስታበራ አፉን ከፈተ፣ መልሶ ገጠመው። እናቷ ሰሃን ስታጥብ ታዜም ጀመር። ሽቦ እናቷ ስታዜም የሰማችበትን ቀን ለማስታወስ ሞክራ አቃታት። መቼም ክፋት ሲሳካ ደስ ይላል የሚል ሰው ካለ፣ የሽቦን ሁኔታ አላየም፤ እሱ ዝም ባለ ቁጥር እሷን ይበልጥ ያናድዳት ነበር። የሚጮህ ሰው መጥላት ቀላል ነው።

የሰውዬው ሥራ ፍሬም ነው። ከትምህርት ቤት ወደ ቤት በሚወስደው መንገድ ዳር፣ በመድኃኒት ቤቱና በጫማ ጠጋኙ መካከል፣ ፎቶና ዲፕሎማ ፍሬም የሚያስገባባት፣ መስታወት የሚቆርጥባት ጠባብ ሱቅ አለችው። ሰኞ ከሰዓት ሽቦና ሬዲዮ በዚያ ሲያልፉ ሁለት ጎረምሶች የሱቁ መስኮት ፊት ቆመው፣ አንዱ የአንዱን ትከሻ ይዞ ይስቃሉ። ሽቦ ምን አግኝተው ነው ብላ ተጠጋች።

የቤት ሥራዋ ነበር። ዳሩ ወርቃማ በሆነው፣ ሰውዬው ለማንም ዋጋ በማይቀንስለት ትልቁ ፍሬም ውስጥ ገብቶ፣ በመስታወት ተሸፍኖ፣ መስኮቱ መሀል ተሰቅሏል። ቀዩ ራይት ከሩቅ ይታያል። ግራና ቀኙ እኩል ባዶ ቦታ ተለክቶ ተትቶለታል።

ውሸት ምን ያደርጋል፣ በመጀመሪያ አንጀቷ ቅቤ ጠጣ። በጎረቤት ፊት ሰነፍ ብሏት የለ? ይኸው ራሱን በራሱ፣ በገዛ ሚስማሩ አደባባይ ሰቀለ። ሬዲዮ ደግሞ እግሯ አልቆም ብሏት መንገዱ ዳር ቁጭ አለች።

«ክፍሉ በሙሉ ማየት አለበት!» አለች።

«አንቺ፣ እንዳትናገሪ።»

«እሺ፣ አልናገርም።»

ሬዲዮ አልናገርም ካለች ምን እንደሚከተል ታውቃላችሁ። ረቡዕ ከትምህርት ቤት ሲወጡ ግማሹ ክፍል ተከተላቸው። ሽቦ «ሂዱ፣ ላሽ በሉ» ብትል ማን ሰምቷት! መስኮቱ ፊት ተኮለኮሉ። አንዱ ረጅም ልጅ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ እንደ ዜና አንባቢ ድምፁን አወፍሮ እንግሊዝኛውን ያነበው ጀመር። «ኮንስታንትሊ» ላይ ሲደርስ ሁሉም አብረው አሉና በሳቅ ተንከተከቱ።

ሰውዬው እጁ ላይ የተጋዘ እንጨት ብናኝ እንዳለ ወጣ። ሽቦ ከጫማ ጠጋኙ ጥላ ኋላ ተከለለች።

«የክፍል ጓደኞቿ ናችሁ?» አለ።

«አዎ ጋሼ! በጣም አሪፍ ጽሑፍ ነው!» አለ ረጅሙ።

«ልጄ ናት የጻፈችው» አለ ሰውዬው፣ እጅጌውን ጎትቶ መስታወቱን ወለወለላቸው። «አንብቡ፣ አንብቡ።»

አነበቡ። በእያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ሲስቁ እሱም አብሯቸው ሳቀ። ያ ሳቅ ሽቦን አንድ ነገር አደረጋት። ልጄ ያለው አናደዳት፣ መስታወቱን መወልወሉ አናደዳት፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ራሷ አናደደቻት። ልጆቹ ተበትነው ሲያበቁ ሬዲዮን ክንዷን ይዛ ጎተተቻት።

«አልናገርም አላልሽም?»

«እንዴ፣ ምን ሆንሽ? የምትጠይው ሰውዬ አይደል?»

«እኔ ልጥላው! አንቺን ምን አገባሽ?»

«በጣም ፋራ ሆንሽ እኮ። ራስሽ ጽፈሽ፣ ራስሽ ሙድ ይዘሽበት፣ አሁን ለእኔ ታለቅሻለሽ?»

«አላለቀስኩም።»

«አፍንጫሽን ጥረጊ እንግዲያው» ብላ ሬዲዮ ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ ጥላ ሄደች። ከዚያ ወዲያ አልተነጋገሩም። ክፍል ውስጥ አንድ ወንበር ላይ ተቀምጠው በመካከላቸው ቦርሳ ያስቀምጡ ጀመር።

ሽቦ ወረቀቱን አስወርዳለሁ ብላ በየቀኑ ትነሳለች፤ ቤት ስትደርስ ግን የእናቷ ዜማ ይቀበላታል። «ዛሬ ደግሞ ምን አለኝ መሰለሽ? 'እንግዶች ሲመጡ ያነቡታል' አለኝ። እኔ እንዲህ ሲሆን አይቼው አላውቅም» ትላለች እናት። ታዲያ እንዴት ብላ ትንገራት? ዝም አይነቅዝም አለች ሽቦ ለራሷ። ትንሽ ቆይቶ ፀሐይ ቀለሙን ያደበዝዘዋል፣ ሰው ይረሳዋል፣ ያልቃል።

ዓርብ ዕለት ቲቸር ኦልወይስ ትምህርቱን ጨርሶ ሰሌዳውን እያጠፋ «የተሸላሚዎች ሰርተፍኬት ፍሬም እየገባ ነው» አለ። «እዚህ መድኃኒት ቤቱ አጠገብ ያለው ሱቅ ነው የሰጠነው። ነገ ጠዋት እኔው ሄጄ አመጣዋለሁ።»

ሽቦ ክው ብላ ቀረች። ሬዲዮ እንኳ፣ ተጣልተው ሳለ፣ ዞር ብላ አየቻት። ቲቸር መስኮቱን ያያል። የራሱን ቀይ እጅ ጽሑፍ ያያል። በዚህ ጊዜ ያነበዋል፣ ደግሞም ዝም የሚል ሰው አይደለም፤ ለሰውዬው ቃል በቃል ያስረዳዋል፣ በደንበኛ ፊት። ሰውዬው ማታ ቤት ይገባል። እናቷ ደግሞ ከዚያ በኋላ አታዜምም። ሽቦ የፈራችው ዱላም ቅጣትም አይደለም፤ ይሄን ነው።

ቅዳሜ ጠዋት «ላጠና ነው» ብላ ከቤት ወጣች። ሱቁ ስትደርስ ሰውዬው ሰፊው ጠረጴዛ ላይ መስታወት አጋድሞ በመቁረጫው አልማዝ እየቆረጠ ነበር። ሰርተፍኬቶቹ ፍሬማቸው ውስጥ ገብተው ግድግዳው ሥር ተደርድረዋል። ቀና ብሎ አያትና ወደ ሥራው ተመለሰ።

«ወረቀቴን ፈልጌ ነው» አለች ሽቦ። «ለፈተና… ላጠናበት።»

«ለፈተና» አለ ሰውዬው። አልማዙን ከመስታወቱ ጫፍ እስከ ጫፍ ሳበው፤ በሁለት እጁ ጫን ሲል መስታወቱ ቀጥ ብሎ ተሰበረ። ቁራጩን ወደ ጎን አስቀመጠና «የመድኃኒት ቤቱ ሰውዬ ማክሰኞ አነበበልኝ» አለ።

ማክሰኞ። የክፍሏ ልጆች የመጡት ረቡዕ ነው።

«ታዲያ… ረቡዕ አብረው ይስቁ ነበር» አለች።

«ታዲያ ምን ላድርግ? ልጆች ፊት ላልቅስ?»

«ለምን አላወረዱትም?»

«እኔ ስሰቅለው ምን እንደሰቀልኩ አላውቅም ነበር። የጻፈችው ታውቃለች። መጥታ ታወርደዋለች ብዬ ጠበቅሁ።» ድምፁን አላነሳም፤ ቢጮህ ይሻላት ነበር። «አንቺ ግን ጠጋኙ ኋላ ተደብቀሽ አየሽኝ። ጫማሽ ይታይ ነበር።»

ሽቦ መሬት መሬቱን አየች። ይቅርታ ልትል አሰበች፤ ቃሉ ላይ ግን ሁለት ዓመት ሙሉ የተጠራቀመ ነገር ተቀምጦበታል።

«አሁን አንብቢልኝ» አለ ሰውዬው። «የመድኃኒት ቤቱ ሰውዬ መጨረሻው ላይ ሲደርስ ተንተባተበ። 'ይቅርብህ' አለኝ። አንቺ አንብቢልኝ። እንደተጻፈው።»

«አይሆንም።»

«ስትጽፊው ሆኗል።»

ሽቦ ወደ መስኮቱ ሄደች። ከውስጥ በኩል የሚታየው የፍሬሙ ጀርባ ነው፣ ካርቶኑና ትንንሾቹ ሚስማሮች። ማየት አላስፈለጋትም፤ በቃሏ ታውቀዋለች። ጀርባዋን ሰጥታው ጀመረች።

«ሁልጊዜ ቤት ሲገባ መጀመሪያ የሚያየው ጥፋት ነው።»

ከኋላዋ አልማዙ ጠረጴዛው ላይ ሲቀመጥ ሰማች።

«ያለማቋረጥ ይነዘንዛል። ምንጊዜም ልክ እሱ ብቻ ነው።»

«ቀጥሎ?»

«እኔና እናቴ ላይ እኩል ይጮኻል።»

«ቁሚ!» አለ ሰውዬው፣ አሁን ድምፁ ከፍ አለ። «እናትሽ ላይ ጮኼ አውቃለሁ? ዞር በይና ንገሪኝ። አንድ ቀን ጮኼባት አውቃለሁ?»

ሽቦ ዞረች። አሰበች። ሊያመልጥ እንደሚፈልግ ሰው የሆነ ቀን ለማግኘት ፈለገች፣ አላገኘችም። እሷ ላይ ነው እንጂ የሚጮኸው፣ እናቷ ላይ አንድም ቀን።

«የለም» አለች።

«ታዲያ ለምን ጻፍሽው?»

«ለኢኳሊ የሚሆን ዓረፍተ ነገር አጥቼ ነው።»

ሰውዬው ትክ ብሎ አያት። ሊስቅም ሊሳደብም የሚችል ፊት ነበር። «ቃል ሞልቶ ይተርፍሽ የለ?» አለ በመጨረሻ። «ይሄኔ እኮ የመድኃኒት ቤቱ ሰውዬ ሚስቴን የማስጨንቅ መስሎት ነው ሰላምታ የነፈገኝ። እሺ፣ የመጨረሻው።»

«ቢቀርስ?»

«አይቀርም።»

«አባቴ ከዚህ ቤት ወጥቶ ቀረ» አለች ሽቦ፣ በጣም በቀስታ። «ይሄም ሰውዬ እንዲሁ ወጥቶ ይቅር።»

ሰውዬው ጨርቅ አንስቶ የጣቶቹን ብናኝ አንድ በአንድ ጠረገ።

«እውነቱን ልንገርሽ?» አለ። «እኔም ያን ቤት የመጣሁት አንቺን ብዬ አይደለም። እናትሽን ብዬ ነው። አንቺ አብረሽ ተገኘሽ።»

«እኔም አልጠራሁዎትም።»

«አውቃለሁ። በመስታወት አድርጌ ሰቅዬዋለሁ እኮ።»

በሩ ላይ ጥላ ወደቀ። ቲቸር ኦልወይስ ነበር፤ የቅዳሜ ሹራቡን ለብሶ፣ ፈገግ ብሎ።

«እንደምን አደሩ! ሰርተፍኬቶቼ ደረሱልኝ?» አለና ሽቦን ሲያያት «አንቺ ደግሞ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?» አላት። ከዚያ ዓይኑ ወደ መስኮቱ ሄደ። «እንዴ፣ አሁን ስገባ የእኔን እጅ ጽሑፍ ያየሁ መሰለኝ። የተማሪ ሥራ ነው? በጣም ደስ ይላል! ወጥቼ ላንብበው እስቲ።»

ሰውዬው ሰርተፍኬቶቹን በጋዜጣ መጠቅለል ጀመረ፤ ፊቱን ወደ ግድግዳው አድርጓል። አያድናትም፣ አይከሳትም። ሽቦ ቲቸር ወደ በሩ ሲዞር አየች፣ ከሱቁ ውጪ ደግሞ አንዲት ደንበኛ ፎቶ ይዛ ስትመጣ አየች። ወንበሩ ላይ ወጣችና ፍሬሙን ከሚስማሩ አነሳችው።

«እኔ አሳይዎታለሁ ቲቸር። ስህተት አለው» አለች።

ጠረጴዛው ላይ በፊቱ ደፋችው። ፒንሳውን አንስታ ከጀርባው ያሉትን ሚስማሮች መንቀል ጀመረች። አስተካክሎ ነበር የመታቸው፤ እንቢ አሉ። ሰውዬው ከጎኗ ቆሞ «በስተግራ አዘንብዪው፣ መስታወቱን ትሰብሪብኛለሽ» አለ እንጂ እጁን አላነሳም። ካርቶኑ ሲወጣላት ወረቀቱን ለቲቸር ሰጠችው።

«ሲያርሙት አላነበቡትም» አለችው። «አሁን ያንብቡት። በልብዎ።»

ቲቸር አነበበ። ፈገግታው መጀመሪያ ቀጥ አለ፣ ከዚያ ጠፋ። ሽቦን አየ፣ ሰውዬውን አየ፣ የራሱን «ቬሪ ጉድ» አየ፤ ጆሮው ቀላ።

«ይሄ…» አለና አቋረጠ። «ይሄን እኔ ነኝ ራይት ያልኩት?»

«ኢኳሊ ያለበትን ኤክስ ያድርጉበት።»

«ሰዋስውው እንኳ ልክ ነው።»

«ነገሩ ነው ውሸት።»

ቲቸር ከኪሱ ቀይ እስክሪብቶውን አውጥቶ ኤክስ አደረገበት። «ሌሎቹስ?» አለ፣ ማንን እንደሚጠይቅ ሳይታወቅ።

«ኮንስታንትሊ ያለውን እኔ እቀበላለሁ» አለ ሰውዬው ከጥቅሉ ላይ ቀና ሳይል።

«የመጨረሻውስ?» አለ ቲቸር።

የጋዜጣው ኮሽታ ቆመ። ሽቦ አለመዋሸት ፈለገች፤ ላንድ ጊዜ እንኳ፣ ለሁለቱም። ሰውዬውን ወዳዋለች? አልወደደችውም። ነገ ጠዋት በሩ ላይ ቆሞ ሲነዘንዝ ይታያታል።

«ስጽፈው እውነት ነበር» አለች።

ቲቸር ወረቀቱን መለሰላት፣ «ሰኞ ቢሮዬ ትመጫለሽ» አላት፣ ግን በቁጣ አልነበረም፤ ራሱም ሰኞን የፈራ ይመስል ነበር። ሰርተፍኬቶቹን ተሸክሞ ወጣ። ደንበኛዋ ፎቶዋን አስለክታ ሄደች። መስኮቱ መሀል ባዶ ሚስማር ቀረ።

«ለእናትሽ እኔ ምንም አልነግራትም» አለ ሰውዬው። «ፍሬሙን ሸጥኩት እላታለሁ። ወይም ተሰበረ። ሰሞኑን ደስ ብሏታል፤ ዝም ብንል ማን ያውቃል?»

«ዝም ብንል» ሲል ራሱንና እሷን በአንድ ቃል ሲያያይዝ የመጀመሪያው ነው። ሽቦ ቅናሹ ምን ያህል ምቹ እንደሆነ አየችው። ቤቱ ጸጥ ይላል፣ እናቷ ታዜማለች፣ እነሱም እየተቻቻሉ ይኖራሉ።

«እኔና እርስዎ እናውቃለን» አለች።

«ነገር ፈላጊ ነሽ።»

«ነኝ።»

«ሂጂ እንግዲህ፣ በሩን ዝጊው። አቧራ ይገባል።» ድምፁ የድሮው ድምፅ ነበር፣ ነዝናዛው። እሷም ከኋላዋ ከሚገባው በላይ አጥብቃ ዘጋችው።

ቤት ስትደርስ እናቷ ጓዳ ናት። ልብስ ዘፍዝፋ፣ እጇ እስከ ክርኗ አረፋ ለብሷል፤ እያዜመች ነው። ሽቦ በሩ ላይ ቆማ ዜማው እስኪያልቅ ጠበቀች፤ እናቷ ጨርሳ ሌላ ከመጀመሯ በፊት ወረቀቱን ከኪሷ አወጣች።

«እማ፣ እጅሽን አድርቂና ተቀመጪ» አለቻት።

«ምን ሆነሽ ነው? ያምሻል እንዴ? ፊትሽ ምን መሰለ?»

«ምንም አልሆንኩም። ያን ቀን ያነበብኩላችሁን አሁን እንደተጻፈው ላነብልሽ ነው።»

እናቷ እጇን ቀሚሷ ላይ እየጠረገች በርጩማው ላይ ተቀመጠች። ሽቦ ወረቀቱን ዘረጋችና ኦልወይስን፣ ኮንስታንትሊን፣ ኤክስ የወረደበትን ኢኳሊን ሁሉ አልፋ ከመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ጀመረች።